ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ጎረቤት ድመቶች

ከቤታችን በስተ ኋላ ወርዱ 10፥ ቁመቱ 15 ክንድ የሚሆን ትንሽ ጓሮ አለን። መሬቱ የአዲስ አበባ ቀይ አፈር ነው፤ ክረምት ሲሆን ከእግር ጋራ ይጣበቃል፥ በጋ ሲሆን እንደ ሸክላ ይደርቃል። ከጥቂት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር ጓሮውን ለማልማት ቈርጠን ተነሣንና ድንጋዩን ለቅመን፥ ጓሉን ሰባብረን፥ አሮጌ ፍግ ቀላቅለን፥ አፈሩን በእጃችን ጭምር እያሸን እንደ ዱቄት አለዘብነው። ከዚያም ስድስት መደብ አወጣንና ጎመን፥ ሰላጣ፥ ካሮት፥ ቀይ ሥር፥ ሽንኩርትና ቆስጣ እየለየን ዘራንበት። በዳር በዳሩም ባለቤታችን ለቡናና ለወጥ የምትወዳቸውን ጤና አዳምንና በሶብላን ተከለችበት። ሥራውን በጨረስን ማታ ደጃፍ ላይ ቆመን ስናየው ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ሁሉ ይልቅ ልባችንን ደስ እንዳሰኘው አንሸሽግም።

በአራተኛው ቀን ጧት ማጠጫውን ይዘን ብንወርድ የካሮቱ መደብ በሦስት ስፍራ ተቈፍሮ፥ ዘሩ ወጥቶ፥ አፈሩ ተከምሮ አገኘነው። ዶሮ የጫረው መስሎን በእጃችን ልንደለድለው ጀመርን፤ እጃችን ከምን ላይ እንዳረፈ ለአንባቢዎቻችን መግለጥ አያስፈልግም፥ ሽታው ራሱ ነገረን። በማግሥቱ የሰላጣው መደብ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛችን ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ነገሩን ገለጠልን። ጎሕ ሲቀድ ሦስት ድመቶች፥ አንዷ ጥቁር፥ አንዷ ዥጉርጉር፥ አንዱም ጆሮው የተቀደደ ግራጫ አውራ ድመት፥ በአጥሩ ቆርቆሮ ሥር ባለው ሽንቁር ገብተው፥ እንደ ሹም ቀስ ብለው እየተራመዱ፥ እየመረጡ ከለዘበው መደብ ላይ ተቀምጠው፥ ጉዳያቸውን ፈጽመውና አፈር መልሰው ሲሄዱ አይቶአቸዋል።

ድመቶቹ የማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገንም። በአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፥ በዕድሜ የገፉ እመቤት ናቸው፤ እኛም ልጆቻችንም «እትዬ» ብለን እንጠራቸዋለን። ጉርብትናችን 20 ዓመት አልፎታል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በራችንን ተዘግቶ ያገኙት እንደ ሆነ ምሳቸውን የሚበሉት በእርሳቸው ቤት ነበረ። የእሑድ ቡናም አንድ ሳምንት በእኛ፥ አንድ ሳምንት በእርሳቸው ቤት ይፈላ ነበር። እንዲህ ካለ ጎረቤት ጋራ በድመት ምክንያት ነገር መጀመር ነውር መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ቍጣችን ከዕውቀታችን ቀደመ።

ራሳችን ሄደን መናገር ሲገባን ዘበኛውን ጠርተን፥ «ድመቶቻቸውን ይያዙ፤ ካልያዙ ግን ለሚደርስባቸው ሁሉ እኛ አንጠየቅም በልልን» ብለን ላክነው። ዘበኛው ቃሉን ሳያጎድል አድርሶ መልሱንም ሳያጎድል አመጣልን፤ «ድመት አጥር አታውቅም፤ አጥር ማወቅ ለሰው ነው ብለዋል» አለን። ይህ መልስ እውነት ስለ ነበረ ይበልጥ አናደደን። የሚቀጥለው እሑድ ቡና ተራው የእርሳቸው ነበረ፤ የጠራን ግን የለም። በማግሥቱ እሑድ ተራው የእኛ ሆነ፤ ባለቤታችን ልጅ ልካ ብታስጠራቸው ወገባቸውን እንዳመማቸው ነገሩ። ሽንቁሩን በድንጋይ ብንደፍነውም ድመቶቹ በአጥሩ ላይ እየዘለሉ መምጣታቸውን አልተዉም።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ድንጋይ ብንወረውር ድንጋዩ ድመት ሳይነካ የቆስጣውን ችግኝ ሰበረው። የብርቱካን ልጣጭ ድመት ያባርራል ቢሉን የሰፈሩን ልጣጭ ሁሉ ሰብስበን በተንነው፤ ሁለት ቀን ያህል ረዳን፥ ሲደርቅ ግን ሽታውም ጥቅሙም አብሮ ጠፋ። የቡና አተላም አፈሰስንበት፤ በድመቶቹ ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየንም፥ ኋላም የቡና አተላ ለሚልሰው እንስሳ ጎጂ መሆኑን ሰማን። ድመት የጤና አዳምን ጠረን ትጠላለች የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በእኛ ጓሮ ግን ጥቁሯ ድመት ለቀትር እንቅልፏ የመረጠችው ጥላ የጤና አዳሙን ጥላ ነበረ። ለልብስ ብል የሚደረገውን ናፍታሊን ጣሉበት ያለንም ሰው ነበረ፤ እርሱ ግን ለእንስሳም ለሕፃንም መርዝ ስለ ሆነ፥ በአትክልት መደብ ላይ ሊጣል የሚገባው ነገር አይደለም።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ሚጥሚጣ ብትነሰንሱበት አንድ ቀን ቀምሰው ሁለተኛ አይመለሱም ብሎ መከረን። መከርነውና ባለቤታችን ሳታይ ግማሽ ኩባያ ሚጥሚጣ በሰላጣው መደብ ላይ ነሰነስን። በማግሥቱ ጥቁሯ ድመት ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ በመዳፏ ፊቷን ደጋግማ ስትጠርግ፥ ዐይኗም ሲያለቅስ አየናት። በዚህ ደስ ብሎን እንደ ነበረ ስንጽፍ እናፍራለን፤ ደስታችንም እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። 4 ዓመት የሆነው የእኅታችን ልጅ ለጥየቃ መጥቶ ሳለ በመደቡ አፈር ሲጫወት ቆይቶ ዐይኑን አሸው። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ውሃ ይዞ ሲሯሯጥ፥ ልጁም ሲጮኽ፥ እኛ ብቻ የነገሩን ምክንያት እያወቅን ቆመን ነበር። ልጁ በውሃ ታጥቦ እስከ ማታ ዳነ። ሚጥሚጣውንም ከላይ ያለውን አፈር ገፍፈን አወጣነው።

ከዚህ የከፋውንም መናገር አለብን። ሌላ ሰው ደግሞ የዐይጥ መርዝ በሥጋ ለውሳችሁ ብታኖሩ ነገሩ በአንድ ሌሊት ያልቃል አለን፤ እኛም ወደ ገበያ ወርደን በወረቀት የተጠቀለለ መርዝ ገዝተን መጣን። ሁለት ቀን በካፖርታችን ኪስ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታችን ካፖርቱን ልታራግፍ ስታነሣው አገኘችውና በፊታችን ጠረጴዛ ላይ አኑራ፥ «የእርስዎ ሰላጣ ከእትዬ ወዳጅነት ይበልጣልን?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም። ለድመት የተቀመጠ መርዝ ድመቷን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ውሻ ይበላዋል፥ የሞተውን እንስሳ አሞራ ይበላዋል፥ ልጅም በእጁ ያነሣዋል። የሚጥሚጣው ነገር ገና ከልባችን አልወጣም ነበርና መርዙን ለገዛንበት ባለ ሱቅ ገንዘባችንን ሳንጠይቅ መለስንለት።

ነገሩ በዚህ ላይ ሳለ ታላቋ ልጃችን የመጀመሪያ ፅንሷን ይዛ፥ ባሏ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ስለ ሄደ፥ ከእኛ ዘንድ ልትቀመጥ መጣች። ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ እየወረደች ሰላጣ በእጇ ትቀነጥስ፥ አረምም ትነቅል ነበር። ለምርመራ ወደ ሐኪም ቤት ይዘናት ብንሄድ ሐኪሟ ከሌላው ጥያቄ ጋራ፥ «በቤታችሁ ድመት አለን? የጓሮ አፈር ትነኪያለሽን? ጥሬ ሥጋስ ትበያለሽን?» ብላ ጠየቀቻት። ይህ ጥያቄ የት እንደሚያደርስ አላወቅንም ነበርና ምክንያቱን ብንጠይቃት በትዕግሥት አስረዳችን።

ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። በመጀመሪያ ያገኙት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በቱኒስ ባለው የፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ ናቸው፤ ያገኙትም ጉንዲ በምትባል ዐይጥ መሳይ እንስሳ ላይ ነው። ተሕዋሱ ከእንስሳ ወደ እንስሳ በምን እንደሚተላለፍ ግን ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆይቶ፥ ዕንቁላል መሳይ ዘሩን የሚጥለው በድመት አንጀት ውስጥ መሆኑ የተረጋገጠው እስከ 1970 ባሉት ዓመታት ነው። ድመት ይህን ተሕዋስ የያዘ ዐይጥ ወይም ወፍ ወይም ጥሬ ሥጋ ከበላች አንድ ሁለት ሳምንት ያህል ዘሩን ከዐይነ ምድሯ ጋራ ታወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ታቆማለች። የወጣውም ዘር ወዲያው አይጎዳም፤ ሊጎዳ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን በእርጥብና ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ዓመትና ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ለውሃ ማጽጃ የሚጨመረው ክሎሪን እንኳ አይገድለውም፥ እሳት ግን ይገድለዋል።

ጤነኛ የሆነ ሰው በሽታው ቢይዘው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት እንደ ሆነ ግን ወደ ፅንሱ ሊተላለፍና የሕፃኑን ዐይንና አንጎል ሊጎዳ፥ ወይም ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። ቀድሞ ይዟት የነበረች ሴት በሰውነቷ መከላከያ ስላላት ስጋቷ እጅግ ያነሰ ነው። የልጃችን ደም ቢመረመር በሽታው ከዚህ በፊት ያልያዛት ሆና ተገኘች። እኛ ይህ መልካም ዜና መስሎን ፈገግ አልን፤ ሐኪሟ ግን ይልቁን ከሌላው ሴት በበለጠ መጠንቀቅ የሚገባት እርሷ መሆኗን ነገረችን።

እኛም ወዲያው፥ «ይህ ሁሉ የጎረቤት ድመት ጥፋት ነው» ብለን ተነሣን። ሐኪሟ ግን በጨዋ ቃል ጥሬ ሥጋ በቤታችን ይበላ እንደ ሆነ ደግማ ጠየቀችን። ተሕዋሱ በበግና በፍየል፥ በሌላም እንስሳ ሥጋ ውስጥ ተሰውሮ ይቀመጣልና፥ ሰው በድመት ምክንያት ብቻ ሳይሆን ባልበሰለ ሥጋም ምክንያት ይያዛል። ባለፈው በዓል ከአርደን በኋላ ቢላዋውን ይዘን ከጥሬው እየቈረጥን «ቅመሽ፥ ለሆድሽ ልጅ ኃይል ይሆነዋል» እያልን በእጃችን ያጎረስናት እኛው ነበርን። ድመቶቹን በመርዝ ልንፈርድባቸው ስንነሣ በቤታችን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቢላዋ አላየነውም ነበር። ልጃችንን በዚያ ጊዜ ምንም ስላልያዛት እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እስክትወልድ ድረስ በቤታችን ጥሬ ሥጋም ለብ ለብ ያለ ክትፎም አልቀረበም። እርሷ ከጓሮ ሥራ ተከለከለች፤ በሰላጣውም ፈንታ በሚገባ ታጥቦ የተቀቀለ ጎመንና ቆስጣ ይሠራላት ጀመር። መደቡን የምንነካው እኛ ነን፤ ያውም በጓንት።

የቀረው የእትዬ ነገር ነበረ። በዚህ ጊዜ ዘበኛ አልላክንም። በአንድ ቅዳሜ ማታ ከባለቤታችን ጋራ ሆነን ወደ ቤታቸው ሄደን፥ ከበር ላይ ቆመን፥ «እትዬ፥ ባለፈው የላክንብዎ ቃል የጨዋ ቃል አልነበረም፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እኔን ያስከፋኝ የድመቱ ነገር አይደለም፤ 20 ዓመት ሙሉ በበሬ ስትገቡና ስትወጡ ኖራችሁ በዘበኛ አፍ መናገራችሁ ነው። ግቡ» አሉን። ገብተን የልጃችንን ነገርና ሐኪሟ ያለችንን ሁሉ ብንነግራቸው እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሰሙን። ከዚያም፥ «እስክትወልድ ድረስ ድመቶቼ ከቤት አይወጡም» ብለው ማሉ። እንዲህ ያለ መሐላ አላስፈለገም ብንላቸውም አልሰሙንም፤ በዚያው ሌሊት ሦስቱንም ሰብስበው በጓዳ ዘጉባቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢዎቻችን ምናልባት ገምተውት ይሆናል። ጓሯችን ጸዳ፤ ካሮታችንም ሳይቈፈር በቀለ። በዐሥረኛው ቀን ግን ባለቤታችን ወደ ዕቃ ቤት ገብታ የጤፉ ጆንያ ከሥሩ ተበልቶ፥ እህሉ በወለሉ ላይ ፈሶ፥ የዐይጥ ኩስ በዱቄቱ ዕቃ ዙሪያ ተበትኖ አገኘችው። በሁለተኛው ሳምንት ዐይጦቹ በቀን ብርሃን እንኳ ይሯሯጡ ጀመር፤ የአዲሱን ጋቢያችንንም ጥለት በሉት። በዚህ ሁሉ ዓመት የዕቃ ቤታችን ንጹሕ መሆን በባለቤታችን ትጋት ብቻ ይመስለን ነበር፤ የማንመግባቸውና ደመወዝ የማንከፍላቸው ሦስት ጠባቂዎች እንደ ነበሩን አላወቅንም። በእትዬ ቤትም ድመቶቹ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኹና በር እየቧጠጡ ባለቤቲቱን እንቅልፍ ነሥተዋቸዋል። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በፊት ድመቶቻቸውን ይያዙ ብለን የላክን ሰዎች፥ አሁን በእግራችን ሄደን ድመቶቹን ይልቀቁልን ብለን ለመንናቸው። እትዬም እስኪያለቅሱ ድረስ ሳቁብን።

ድመቶቹ ይመጣሉ፤ እንግዲህ የሚፈለገው መደቡን መጸዳጃ እንዳያደርጉት ነው። ይህን ለማድረግ ድመት ስለምን የእኛን መደብ እንደ መረጠች ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ካርሎስ ድሪስኮል ከባልደረቦቹ ጋራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት የዓለም የቤት ድመት ሁሉ የዘር ሐረጉ በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖር የዱር ድመት ይመዘዛል፤ የዚሁ ወገን የሆነ የዱር ድመት በአገራችንም ይኖራል። በቆጵሮስ ደሴትም 9,500 ዓመት ያህል በሆነው መቃብር ውስጥ ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው መገኘታቸው በ2004 ዓ.ም. ተነግሮአል። ይህ ወገን የደረቅ አገር እንስሳ ስለ ሆነ ዐይነ ምድሩን በደረቀና በለዘበ አፈር ይቀብራል። እኛም በዚያ በጥቅምት ወር ድንጋዩን ለቅመን፥ ጓሉን ሰባብረን፥ አፈሩን እንደ ዱቄት አልዝበን ሳንዘራበት ስናሳድረው፥ ሳናውቀው ለድመት የሚመች መጸዳጃ ማዘጋጀታችን ነበር። ድመቶቹ ከሩቅ የመጡት በክፋት አይደለም፤ አለዘብንላቸው፥ መጡ።

ከሞከርነው ሁሉ በእውነት የጠቀመን የዶሮ ሽቦ ነው። ዘሩ ከተዘራ በኋላ ቀዳዳው ሁለት ጣት የሚያህል የዶሮ ሽቦ በመደቡ ላይ ዘርግተን፥ ጠርዙን ወደ ታች ቈልምመን በአጭር ችካል ቸከልነው፤ በላዩም ስስ አፈር ነሰነስንበት። ድመት መጥታ አንድ ጊዜ በመዳፏ ስትጭር ጥፍሯ ከሽቦው ይጋጫልና ትታው ትሄዳለች። ጎመኑና ሰላጣው በቀዳዳው ውስጥ አልፎ ይበቅላል። ለካሮት ግን እንዲህ ማድረግ ስሕተት መሆኑን በራሳችን ጉዳት ተማርነው፤ ሥሩ ሲወፍር በሽቦው ቀዳዳ ታንቆ በወገቡ የታሰረ ሰው መስሎ ወጣልን። ስለዚህ ለካሮትና ለቀይ ሥር ሽቦውን በታጠፈ ቀርከሃ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን እንዘረጋዋለን፤ ቅጠሉ ጠንክሮ መሬቱን ሲሸፍን እናነሣዋለን።

ችግኝ በተተከለበት መደብ ደግሞ በተክሉና በተክሉ መካከል ከአጋምና ከጽጌረዳ የተገረዘውን እሾኻም ቅርንጫፍ እናኖራለን። ድመት ባዶ መሬት ትፈልጋለችና ባዶ መሬት አለማስተረፍ ይገባል፤ ተክሉን ቀረብ ቀረብ አድርጎ መትከል፥ የታጨደውንም ስፍራ ሳያውሉ ሳያሳድሩ በድንጋይ ወይም በእሾኽ መሸፈን። ውሃውን በጧት ፈንታ በማታ ማጠጣትም ረድቶናል፤ ጎሕ ሲቀድ መጥታ እርጥብ ጭቃ ስታገኝ ድመት እግሯን እያራገፈች ትመለሳለች። በተበላሸውም ስፍራ ያለውን አፈር ከነሽታው አንሥቶ መጣል ያስፈልጋል፥ አሮጌው ሽታ አዲስ ጉብኝት ይጠራልና። ስፍራውን የሚያጥብ ሰው አሞንያ ባለበት ማጽጃ ባያጥበው ይሻላል፤ ሽታው የሽንት ሽታ ስለሚመስል ድመቷ እንደ ግብዣ ትቆጥረዋለች።

ሆኖም መከልከል ብቻ አይበቃም፤ የተከለከለች ድመት የሦስተኛ ጎረቤት ጓሮ ትፈልጋለች። ይህን ያሰቡት እትዬ ናቸው። ድመቶቹን በለቀቁ በሁለተኛው ቀን ጧት በራችን ተንኳኳና ብንከፍት፥ እርሳቸው ከፊት፥ ከኋላቸውም ሰፊ ሳፋ ሙሉ አሸዋ የተሸከመ ልጅ ቆመዋል። «ለእነርሱም ስፍራ እንስጣቸው እንጂ፤ እኛስ ስፍራችን ቢዘጋብን ወዴት እንሄድ ነበር?» አሉን። ሳፋውን በሁለታችን አጥር ጥግ፥ ዝናብ በማያገኘው በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር አስቀመጥነው፤ ሽንቁሩንም መልሰን ከፈትነው። ከመደቡ ላይ ከተነሣው አፈር ጥቂት ጨመርንበት፥ ሽታውን አውቀው እንዲመጡ። ጥቁሯ ድመት በዚያው ቀን፥ ዥጉርጉሯ በሦስተኛው ቀን ለመደችው። አሸዋው በየቀኑ በትንሽ አካፋ ይጠረጋል፤ በየቀኑ መጠረጉ ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን ለበሽታውም መከላከያ ነው፥ ዘሩ ለመጉዳት ቢያንስ አንድ ቀን ያስፈልገዋልና።

ግራጫው አውራ ድመት ብቻ እምቢ አለ። እርሱ ዐይነ ምድሩን ባይቀብርም ጭራውን ቀጥ አድርጎ በበሩ መቃንና በጽጌረዳው ግንድ ላይ እየሸና ግዛቱን ያመለክት ነበር። የእንስሳት ሐኪም ብንጠይቅ ማኮላሸት እንደሚሻል፥ የተኮላሸ ድመት ሽንት መርጨቱም መዞሩም መደባደቡም እንደሚቀንስ፥ ሁለቱ ሴቶችም ካልመከኑ በዓመት ደጋግመው መውለዳቸው እንደማይቀር ነገረን። የድመት እርግዝና 9 ሳምንት ብቻ ነው፤ ዛሬ ሦስት የሆኑት በሚቀጥለው ዓመት ስንት ይሆናሉ ብለን ብናሰላው ደነገጥን። እትዬ ግን በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተቃወሙን። ለሴቶቹ ፈቀዱ፤ አውራውን ግን፥ «ባሌ በሕይወቱ ሳለ ከጫካ ያመጣው እርሱን ነው፤ እንዴት አድርጌ ወንድነቱን አስወስድበታለሁ?» አሉን። ነገሩን ሳንጫን ተውነው። ከወር በኋላ ድመቱ ሲደባደብ አድሮ አንድ ዐይኑ ፈሶ መጣ። ያን ጊዜ ራሳቸው በቅርጫት አድርገው፥ ነጠላቸውን አልብሰውት፥ ከእኛ ጋራ ወደ ሐኪሙ ወሰዱት። ወጪውንም እኩል ከፈልን። ዛሬ ወፍሮና ሰንፎ በእትዬ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ የበሩን መቃንም ከረሳው ሰንብቶአል።

ልጃችን በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። የአራስ ቤቱን ገንፎ የመጀመሪያውን ቀን ያገነፉት እትዬ ናቸው። የእሑዱ ቡናም ወደ ተራው ተመለሰ፤ ከድመቶቹም ወሬ የማይነሣበት እሑድ የለም። የአሸዋውን ሳፋ መጥረግ ደግሞ ተራ አለው፤ ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ የእኛ፥ የቀሩት ቀናት የእርሳቸው ነው። እኛም ይህን ጽፈን ስንጨርስ ዕለቱ ዓርብ ስለ ሆነ፥ ጓንታችንን አጥልቀን አካፋውን ይዘን እንወርዳለን።